ምናባዊ ጉብኝት ለሕፃናት ምንድን ነው?

ምናባዊ ጉብኝት ማለት ሩቅ ያለን እውነተኛ ሥፍራ፣ ወደዚያ ሳይጓዙ፣ በሁሉም አቅጣጫ በተነሣ ፎቶግራፍ ወይም በኮምፒዩተር በተሠራ አምሳያ አማካይነት መመልከት ነው። ስያሜው በጥቂቱ ሊያሳስት ይችላል፤ «ምናባዊ» ሲባል ሥፍራው በሐሳብ የተፈጠረ ይመስላልና። የጊዛው ፒራሚድም ሆነ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ግን በቦታቸው አሉ፤ ምናባዊ የሆነው የእኛ መሄድ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች መካከል በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆችን ሳስተምር፣ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ በቴሌቪዥን ካርቱን የለመደ ሕፃን በስክሪን የሚታየው ሕንፃ በእርግጥ የቆመ መሆኑን በራሱ ላያውቅ ይችላል።

ብዙ ወላጆች ስለዚህ ትምህርት ሲሰሙ የሚታሰባቸው ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው የቪአር (በኮምፒዩተር የተሠራን ዓለም የሚያሳይ) መነጽር ነው። ለዚህ ዕድሜ መነጽሩ አያስፈልግም፤ ባይኖርም ይሻላል። የታወቁ አምራቾች የሚያስቀምጡት ዝቅተኛ የተጠቃሚ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዓመት ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናት ስክሪን ፊት የሚቀመጡበት ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። የሚበቃን የ360 ዲግሪ ፎቶግራፍ ነው። ይህም ከአንድ ቦታ ሆኖ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የተነሡ ምስሎች በሶፍትዌር እርስ በርስ ተገጣጥመው በአንድ ትልቅ ኳስ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደተለጠፉ የሚቆጠሩበት ፎቶግራፍ ነው፤ ተመልካቹ በኳሱ መካከል የቆመ ያህል ነው፣ ታብሌቱን ይዞ ሲዞርም ሌላው የኳሱ ጎን ይታየዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀው «ኤክስፔዲሽንስ» የተባለ የምናባዊ ጉብኝት መተግበሪያ በ2021 ቢዘጋም፣ ከጉብኝቶቹ ብዙዎቹ «ጉግል አርትስ ኤንድ ካልቸር» ወደተባለው የኩባንያው የባህልና የሥነ ጥበብ ድረ ገጽ ተዛውረዋል። ምስሎችን አስቀድሞ በታብሌት ላይ ያወረደ መምህር መብራት በሚጠፋበት ወይም ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቀንም ትምህርቱ አይስተጓጎልበትም።

ይሁን እንጂ ኳሱ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። በመካከሉ የቆመ ልጅ ዙሪያውን ሁሉ ያያል እንጂ ሕንፃውን ራሱን መዞር አይችልም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ለሕፃናት የሦስት ተራሮች አምሳያ አቅርቦ፣ በሌላ ወገን የተቀመጠ አሻንጉሊት ምን እንደሚታየው በጠየቃቸው ጊዜ፣ አራት ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች የመረጡት ራሳቸው የሚያዩትን ገጽ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ጥያቄው ለልጆቹ የቀረበና የታወቀ ሲሆን ከዚያ የተሻለ እንደሚመልሱ ቢያሳዩም፣ ሌላኛውን ወገን በአእምሮ ማዞር ለሕፃን ቀላል ሥራ አለመሆኑን በየዕለቱ በክፍሌ አያለሁ። የሥነ ጥበብ ሥራ ከምናባዊ ጉብኝት ጋር መጣመር ያለበት ስለዚህ ነው። ፎቶግራፉ ልጁን ከሥፍራው ውስጥ ያስገባዋል፣ በእጁ የሚሠራው አምሳያ ደግሞ ሥፍራውን በፊቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንዲዞረው ያደርገዋል። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ለአምሳያው የሚመረጠው ቁሳቁስም እንዲያው የተገኘው መሆን የለበትም፤ ሕንፃው የተሠራበትን መንገድ መከተል ይኖርበታል። ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ያህል ድንጋይ የገባበት ታላቁ የጊዛ ፒራሚድ በመደርደር የተሠራ ስለሆነ፣ ባዶ የክብሪት ቀፎዎችን እያነባበሩ ይሠሩታል፤ ታቹ ካልሰፋ ላዩ እንደማይቆምም እጃቸው ይነግራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1889 ለዓለም ኤግዚቢሽን የተጠናቀቀው የፓሪሱ የኤፍል ማማ 18,038 የብረት ክፍሎች በሁለት ሚሊዮን ተኩል ሪቬቶች (ጫፋቸው በተቀጠቀጠ የብረት ችንካሮች) ተያይዘው የቆሙበት፣ የመገጣጠም ሥራ ነው። ልጆቹ ስቴኪኒን በትናንሽ የሊጥ እንክብሎች እያያያዙ ሲሠሩት፣ አራት ማዕዘኑ ወዲያና ወዲህ ሲወላገድ ሦስት ማዕዘኑ ግን ጸንቶ እንደሚቆም ያለ ማንም ነጋሪ ይደርሱበታል።

ላሊበላ ከሁለቱም የተለየ ነው። የቤተ ጊዮርጊስን የ360 ዲግሪ ፎቶግራፍ ከጉድጓዱ አፋፍ ሆነን ስንመለከት፣ በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ጣሪያ ከእግራችን ሥር ይታያል። አንዲት ተማሪዬ አተኩራ ካየች በኋላ «ጉድጓድ ውስጥ ማን አስገባው?» ስትል ጠየቀችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም፤ ይህች ልጅ ቤት ሁሉ በመጨመር እንደሚሠራ ነው የምታውቀው፣ በሰፈራችንም ሲሠራ የምታየው ሁሉ ብሎኬትና አርማታ እየተጨመረ ወደ ላይ ይወጣል። መልሱን በቃል አልሰጠኋትም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ የልብስ ሳሙናና የሻይ ማንኪያ አደልኩ፣ ከሳሙናው ላይ መስቀሉን እየፋቁ እንዲያወጡም ነገርኳቸው። በብዙዎቹ ሳሙናዎች ላይ ከመስቀሉ ክንዶች አንዱ ተሰበረ። ጭቃ ቢሆን መልሶ መለጠፍ ይቻል ነበር፤ ከሳሙና ላይ የተነሣው ግን እንደ አለቱ ሁሉ ተመልሶ አይገባም። ልጅቷ የራሷን ሥራ በጉድጓድ አምሳል በተሠራ ካርቶን ውስጥ ካስቀመጠች በኋላ መልሳ አወጣችውና «ማንም አላስገባውም፣ እዚያው ነበረ» አለች።

ሌላው ስክሪን የማይሰጠው ነገር መጠን ነው። በታብሌት ላይ 330 ሜትር የሚረዝመው የኤፍል ማማና 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት እኩል አንድ ስንዝር ይሆናሉ። እኛ የአክሱሙን ሐውልት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውንና በ2008 ዳግም የቆመውን፣ የምንለካው በገመድ ነው። 24 ሜትር ገመድ በግቢያችን ስንዘረጋ ቦታው አልበቃ ብሎ ጫፉ በበሩ አልፎ ኮብልስቶኑ ላይ ወጣ፤ በጎኑ ለመተኛት 22 ልጆች አስፈለጉ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉን እንደገና ሲከፍቱ ታብሌቱን ወደ ላይ ቀና የሚያደርጉት በሌላ ስሜት ነው።

የጉብኝቱ ቅደም ተከተልም ይታሰብበት። ከፓሪስ መጀመር ይቻላል፤ እኔ የምጀምረው ግን እግር ከሚደርስበት ነው። በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ጥንታዊው ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከእኛም ብዙ አይርቅም። ዘንድሮ ልጆቹን ከወላጆቻቸው ጋር ወደዚያ ወስደን፣ አለቱን በመዳፋቸው ዳስሰው ቅዝቃዜውን አወቁ፣ በመጥረቢያ የተጠረበ በሚመስለው ገጽ ላይ ወረቀት አድርገው በከሰል እያሹ ሸካራነቱን ቀዱ። የላሊበላውን ፎቶግራፍ የከፈትነው በማግሥቱ ነው። ከልጆቹ ሁለቱ መዳፋቸውን ታብሌቱ ላይ አሳርፈው «ይኼኛውም ይቀዘቅዛል?» ብለው ጠየቁ።