ዜዮን ፒሲ ምንድን ነው?

ዜዮን ኢንቴል ለሰርቨር የሚሠራው ፕሮሰሰር ነው። ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች በየጥቂት ዓመቱ ሰርቨር ሲቀይሩ፣ ከአሮጌዎቹ ውስጥ ገና ብዙ የሚያገለግሉት ፕሮሰሰሮች ተለቅመው በርካሽ ይሸጣሉ። የቻይና አምራቾች ደግሞ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ቺፕሴት (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) መልሰው እየተጠቀሙ የሚገጥማቸው ማዘርቦርድ ይሠራሉ፤ በገበያ ኤክስ99 ይባላል። ከእነዚህ ሁለቱና ከአንድ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ የሚገጣጠመው የጌም ማሽን ነው ዜዮን ፒሲ።

ገዢን የሚያማልለው የኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ክፍሎች፣ ብዛት ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ኢ5-2680 ቪ4 የተባለው ዜዮን 14 ኮር አለው፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ ግን 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። ኢ5-2667 ቪ4 ኮሩ 8 ብቻ ቢሆንም 3.6 ይደርሳል። ጌም አብዛኛውን ሥራ በጥቂት ኮሮች ላይ ስለሚጭን ለጨዋታ ሁለተኛው ይመረጣል። ባለ 4 ኮሩ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር አይ3-12100ኤፍ እንኳ በአብዛኛው ጌም ሁለቱንም ይበልጣል። ስለዚህ ዜዮን የሚያዋጣው የተረፈው ብር ለተሻለ ግራፊክስ ካርድ ሲውል፣ ሞኒተሩም ባለ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል የሚያድስ) ሲሆን ነው። 144 ኸርዝ ለሚፈልግ አንመክረውም።

ራም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሰርቨር ራም ርካሽ ነው፣ ግን ከተራ ዴስክቶፕ ራም ጋር ተደባልቆ አይነሳም። ስቲከሩን አንብቡ፦ ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ ከሰረዙ በኋላ ያለው የላቲን ፊደል "አር" ከሆነ የሰርቨር፣ "ዩ" ከሆነ ተራው ነው። ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር በአራት ቻናል (መስመር) ስለሚሠራ አንድ ባለ 16 ጊጋ ከመግዛት አራት ባለ 4 ጊጋ መግዛት ይሻላል፤ ቦርዱ ግን በእርግጥ አራት ቻናል መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ አራት ቀዳዳ ኖሮት ሁለት ቻናል ብቻ የሆነ አለ።

ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ሶኬቱ ላይ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት የስልክ መብራት በአግድም አብሩበት፤ ከጎረቤቶቹ ለየት ብሎ የሚያብረቀርቅ ፒን ካለ ታጥፏል። አራት ራም ተሰክቶ ሦስት ብቻ ከታየም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፣ አለዚያም የኩለሩ (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) ብሎኖች እኩል አልጠበቁም ወይም የፕሮሰሰሩ ሆድ፣ ፒኖቹን የሚነካው የታች ገጹ፣ ቆሽሿል። ሆዱን በአልኮል ጥረጉ፤ ብሎኖቹን ትንሽ በትንሹ በሰያፍ አጥብቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን እስኪያጣራ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል ቶሎ አታጥፉት። እነዚህ ዜዮኖች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው ካርድ ሳይሰካ ምንም ምስል አይመጣም።

ማሽኑን ጎንደር ለምትጠቀሙበት ደግሞ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ፋንም ያንኑ ያህል ሙቀት ለማውጣት የበለጠ ይለፋል። ለ120 ወይም ለ135 ዋት ፕሮሰሰር ባለ 4 ቱቦ ታወር ኩለር አስገቡ። ኬሱም ከፊት አየር የሚያስገባ ፋን ይኑረው።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት ብቻ አትመኑ፣ የ12 ቮልቱን አምፔር እዩ፤ 38 አምፔር ማለት 456 ዋት ነው። አርኤክስ 580 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ብቻውን 185 ዋት ስለሚወስድ ከ38 አምፔር አትውረዱ። መብራት ሲቆራረጥ ለቢሮ ኮምፒውተር የሚበቃው ባለ 650 ቪኤ (የአቅም መለኪያ) ዩፒኤስ ጌም ላይ እያለ ሊጥላችሁ ይችላል፤ 1,200 ቪኤ ይሁን።

ዊንዶውስ 11 እነዚህን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይደግፍም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሊኑክስ በደንብ ይሠራል። እንደ ቫሎራንት ያሉት ጌሞች ግን ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍል ስለሚጠይቁ፣ ዋናው ፍላጎታችሁ እነሱ ከሆኑ ፕሮሰሰሩን ከማዘዛችሁ በፊት ቦርዱ ይህን መያዙን ሻጩን ጠይቁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ጎንደር ከደረሰ በኋላ መመለሱ ሌላ ወጪ ነው።