የድርጅት ተልዕኮ ምን መያዝ አለበት?

ተልዕኮ ድርጅቱ ዛሬ ለማን፣ ምን፣ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ ወደፊት ሊደርስበት የሚመኘውን የሚያሳየው ግን ራዕይ ነው። ለምሳሌ ቡሬ አካባቢ በርበሬ የሚረከብ ኅብረት ሥራ ማኅበር «በ2025 በአፍሪካ ተመራጭ መሆን» ብሎ ቢጽፍ ራዕይ እንጂ ተልዕኮ አልጻፈም። «የአባሎቻችንን በርበሬ በትክክለኛ ሚዛን ተረክበን፣ አድርቀንና መርጠን፣ ያለ ደላላ ለፋብሪካ በማቅረብ ገቢያቸውን እናሳድጋለን» ቢል ግን ሚዛኑ ላይ የቆመው ሠራተኛ ድርሻውን ያውቃል፤ አባሉም ኪሎ ሲጎድልበት ጽሑፉን ጠቅሶ መጠየቅ ይችላል፤ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ይህንኑ ነው። «ጥራት»፣ «ልህቀት» የመሳሰሉት ቃላት ብቻቸውን ሲቀመጡ ለየትኛውም ባንክ ወይም ሆስፒታል ስለሚስማሙ፣ ስለ ማኅበሩ የሚነግሩን ነገር የለም። ርዝመቱም ከሁለት ዓረፍተ ነገር ባይበልጥ ይመረጣል።