ሲአርፒ ከፍ አለ ማለት ኢንፌክሽን አለ ማለት ነውን?

ሰሞኑን ሲአርፒ (CRP) የተባለውን የደም ምርመራ ውጤት ይዘው «ብግነት አለብህ ተባልሁ፤ ምን ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ ልውሰድ?» የሚሉ ወገኖች ስለበዙ፣ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ተገቢ ነው።

ሲአርፒ ጉበት የሚያመርተው ፕሮቲን ሲሆን፣ ብግነት (ኢንፍላሜሽን፣ ማለትም ሰውነት ለጀርም ወይም ለጉዳት የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ) መኖሩን እንጂ የት እንዳለና ከምን እንደመጣ አይናገርም። ብግነት ደግሞ ከጀርም ብቻ አይነሳም። በእኛ ዘንድ የምቾት ምልክት ተደርጎ የሚታየው ቦርጭ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ኢንተርሉኪን 6ን የመሰሉ ብግነት ቀስቃሽ ንጥረ ነገሮችን ወደ ደም ስለሚለቅ፣ ጉበት ጉንፋንም ቁስልም ሳይኖር ሲአርፒ ያመርታል። ይኸው ዝግተኛ ብግነት የኢንሱሊንን ሥራ በማደናቀፍ ስኳር በደም ውስጥ እንዲቆይ አስተዋጽኦ ያደርጋል።

ደሴ ፒያሳ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው የሚውሉ፣ ቀበቷቸው ከእምብርታቸው በታች የወረደ አንድ አባወራ በረቂቁ የሲአርፒ ምርመራ (hs-CRP፤ አነስተኛ መጠንን እንኳ ለይቶ በሚለካው) በሊትር 4 ሚሊግራም አገኙ እንበል። ትኩሳትም ሳልም ከሌላቸው፣ ይህ ቁጥር ብቻውን ፀረ ባክቴሪያ አያስገዛም፤ ይልቁንም የወገብ ልክ፣ የደም ግፊት፣ የጾም ስኳርና የደም ቅባት እንዲታዩ ይጋብዛል።

በዚህ ምርመራ ከ3 በላይ የሆነ ውጤት ከፍ ካለ የልብ ሕመም ሥጋት ጋር እንደሚያያዝ፣ ክብደት ሲቀንስም ሲአርፒ አብሮ እንደሚወርድ የታወቀ ነው። ከ10 ሲበልጥ ግን በቅድሚያ የሚፈለገው ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ድንገተኛ ሕመም ሲሆን፣ ከተሻለ በኋላ ምርመራው ይደገማል። ከሰው ሰው የሚለያየው መጠኑ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ሲአርፒው ዝቅተኛ የሆነ፣ ቀጭን ሆኖም በማጨስ ወይም በድድ ሕመም ምክንያት ከፍ ያለበት ሰው አለ።