የድንጋይ ከሰል አመድ እንዴት ይወገዳል?

የድንጋይ ከሰል ሲነድ በውስጡ ያለው የማይቃጠል ማዕድን አመድ ሆኖ ይቀራል። መጠኑ እንደ ከሰሉ ይለያያል። በህንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ከከሰሉ ክብደት 30 በመቶና ከዚያ በላይ አመድ መሆኑ የተለመደ ነው።

ከባዱ አመድ ከምድጃው ሥር ይወድቃል። አብዛኛው ግን እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ ከጭሱ ጋር ይወጣና በማጣሪያ ይያዛል። በራሪ አመድ የሚባለው ይህ ነው። አርሴኒክ፣ ሴሊኒየም፣ ቦሮን፣ እርሳስና ሜርኩሪ በጥቂቱ አሉበት። ደረቁን ነፋስ ያነሳውና ሳንባ ውስጥ ይገባል። ውሃ ሲያገኘው ደግሞ መርዙ ቀስ በቀስ እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል።

ለረጅም ዘመን የተለመደው ርካሹ መንገድ ነበር፦ አመዱን በውሃ በጥብጦ በቧንቧ ወደ ኩሬ መልቀቅ። ኩሬው ሲሞላ ግድቡን ከፍ ማድረግ፣ እንደገና መሙላት። የዚህ መዘዝ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2008 በአሜሪካ ቴነሲ፣ ኪንግስተን ታየ። ግድቡ ሌሊት ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የአመድ ጭቃ ወንዝና መንደር ላይ ፈሰሰ። በዚያ ሌሊት ሰው አልሞተም። ጽዳቱ ግን ዓመታት ፈጀ፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይም ወጣበት። ከጽዳት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ በአቧራው ታመምን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2020 ደግሞ በህንድ ሲንግራውሊ ወረዳ የአመድ ግድብ ፈርሶ የሰው ሕይወት ጠፋ።

ስለዚህ ደህናው አወጋገድ ከቦታ መረጣ ይጀምራል። ጎርፍ የሚደርስበት መሬት አይሆንም። የአሜሪካ የ2015 ደንብ አዲስ ማስወገጃ ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይጠይቃል። ሥሩ በደንብ የተጠቀጠቀ የሸክላ አፈር፣ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፋል። ከላይ የሚንጠባጠበው ውሃ በቧንቧ ተሰብስቦ ይጣራል። አመዱ ብናኝ እንዳይሆን ብቻ ይረጥባል፣ በስሱ እየተደለደለ በሮለር ይጠቀጠቃል። ሲሞላ ዝናብ በማያስገባ ሽፋንና በአፈር ይከደናል።

ያ ሁሉ ተደርጎም ክትትል የግድ ነው። ውሃው ከሚመጣበትና ከሚሄድበት በኩል የመቆጣጠሪያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፣ ናሙናውም ይነጻጸራል። ቦሮን ከውሃ ጋር ፈጥኖ ስለሚጓዝ ብዙ ጊዜ የማፍሰስ የመጀመሪያ ምልክት እሱ ነው። በአሜሪካው ደንብ ማስወገጃው ከተዘጋ በኋላም ክትትሉ 30 ዓመት ይቀጥላል።

ትልቁ ራስ ምታት አሮጌዎቹ ኩሬዎች ናቸው። ብዙዎቹ ምንም ንጣፍ የላቸውም። ባለቤቶቹ ከላይ ሸፍኖ መተውን ይመርጣሉ፤ ወጪው ይቀንሳላ! የኩሬው ሥር የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ክዳኑ የሚከለክለው ዝናብን ብቻ ነው። ውሃው በጎን እየገባ ያጥበዋል። እንዲህ ዓይነቱ አመድ ተቆፍሮ መውጣት አለበት፣ ውድ ቢሆንም። በሰሜን ካሮላይና በ2020 በተደረገ ስምምነት ወደ 80 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ አመድ ወጥቶ ንጣፍ ወዳለው ቦታ እንዲዛወር ተወስኗል።

ጨርሶ አለመቅበርም ይቻላል። በራሪ አመድ የሲሚንቶን ከፊል ቦታ ተክቶ ኮንክሪት ያጠነክራል። በ1953 የተጠናቀቀው የሞንታናው ሀንግሪ ሆርስ ግድብ በዚህ ይታወቃል። በኮንክሪት ውስጥ የታሰረ መርዝ በቀላሉ አይወጣም። ልቅ አመድን ለመንገድ ወይም ለጉድጓድ መሙያ ማፍሰስ ግን ሌላ ነገር ነው። ሥሩ ንጣፍ፣ ላዩ ክዳን ከሌለው መርዙ እንደ አሮጌው ኩሬ ወደ ውሃ መግባቱ አይቀርም።