ነቀዝ፦ የወሎ ጎተራ ጢንዚዛ

ብዙ ሰው ነቀዝን ትል ይለዋል። ጢንዚዛ ነው። ያውም ክንፍ አውጥቶ የሚበር። ከቆቦ እስከ ከሚሴ ማሽላ ያከማቸ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጠጋ ብሎ ያየው ግን ጥቂት ነው።

ርዝመቱ ከ2.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጥቁር ቡናማ ሆኖ ጀርባው ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። ሰፌድ ላይ በትናችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። ሲነኩት እግሮቹን ሰብስቦ ድርቅ ይላል። ሞተ ብላችሁ ስትተዉት፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ውልቅ ነው! ከፊቱ የሾለችው ነገር ኩምቢ ትመስላለች እንጂ አትመጥም፤ ጫፏ ላይ መንጋጋ አለ።

ሴቷ በዚያ መንጋጋ ፍሬውን ትበሳለች። አንድ እንቁላል ታስቀምጥና ቀዳዳውን ከገላዋ በሚወጣ ሙጫ ትደፍነዋለች። በዕድሜዋ 300 እና ከዚያም በላይ ልትጥል ትችላለች። የሚፈለፈለው እጭ ነጭ፣ ድብልብል፣ እግር አልባ ነው። ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ እዚያው ጢንዚዛ ሆኖ ግድግዳውን ቀዶ ይወጣል። ሙቀት ከተመቸው ይህ ሁሉ በ5 ሳምንት ገደማ ያልቃል። ስለዚህ ጥርት ያለ መስሎ የተገዛ ማሽላ ከወር በኋላ ጉድ ቢያፈላ ሻጩን ወዲያው አትርገሙ፤ እሱም ላያየው ይችላል። አንዳንዴ ነቀዙ ገና እህሉ ማሳ ላይ ሳለ በርሮ ገብቶበታል።

ጤፍ ለምን እንደማይነቅዝ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ለእጩ አንድ ፍሬ ቤቱም ቀለቡም ነው። ጤፍ ውስጥ የት ይተኛል? ማሽላን ከጤፍ ደባልቆ ማስቀመጥም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ጤፉ በማሽላው መሃል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል።

ብርድም አይወድም። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ መራባቱ ይቆማል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴና ከዚያ በላይ ያለው ደጋ ጉዳቱ የሚቀልላቸው በዚህ ነው፤ መከራው የቆላው፣ የነቆቦ ነው። በደንብ የደረቀ እህልም ያስቸግረዋል። ከረጢቱ አየር ካላስገባ ደግሞ ታፍኖ ይሞታል። ባለሶስት ድርቡ ፒክስ ከረጢት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ቀዳዳ ካለው ግን ኃይሉ ይቀንሳል።

ጎተራው መጠቃቱን ለማወቅ ነቀዙ እስኪታይ አይጠበቅም። እጅን እስከ ክርን ሰደድ ማድረግ ነው። ውስጡ ሞቅ ካለ ሥራውን ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ እፍኝ ወስዶ ውሃ ውስጥ መጨመር፤ የተቦረቦረው ፍሬ ቀልሎ ይንሳፈፋል።