«ለለማጅ የደነዘ ሞረድ ይሻላል» የሚባለው ነገር

የፈረሳቸውን ኮቴ በቤታቸው ራሳቸው ማስተካከል የሚጀምሩ ሰዎች ሞረድ ምረጥልን ይሉኛል። ገና አፌን ሳልከፍት ያቺው ወሬ ትመጣለች፦ «ለለማጅ የደነዘ ሞረድ ይሻላል፤ ብዙ አይቆርጥም።» ከዓመት ዓመት ይህንኑ እሰማለሁ፤ ሰልችቶኛል። ምክሩ ፈረሱንም ሰውየውንም ይጎዳል።

ስል ሞረድ ብዙ ጉልበት ሳይፈልግ ይቆርጣል። እናንተ አቅጣጫውን ትመራላችሁ። ሁለቴ ትገፋላችሁ፣ ቆም ብላችሁ ታያላችሁ። የደነዘው ግን አልቆርጥ ሲል ሰው መጫን ይጀምራል። ሲጫኑት ይንሸራተታል። አንዱ ጎን ይበላል፣ ሌላው ይቀራል። ወይ የራስን ጣት ይልጣል፣ ወይ ከኮቴው በላይ ያለውን ቆዳ ይቧጭራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፈረሱ በሦስት እግሩ ቆሟል። ይደክመዋል፤ እግሩን ይነጥቃል። ከዚያ «ይሄ ፈረስ ክፉ ነው» ይባላል።

አንድ ደንበኛዬ «ባዝራዬ የፊት እግሯን አልሰጥ አለች» ብላ ጠራችኝ። ባዝራዋን ከማየቴ በፊት ሞረዱን ተቀበልኳት። ዳርና ዳር ያሉት ጥርሶች ደህና ናቸው። መሃሉ ግን ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ያብረቀርቃል፤ ጣቴን ሳሳልፍበት ምንም አልያዘኝም። በእኔ ሞረድ ስሠራ ባዝራዋ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ቆመች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም።

መደንዘዙን ለማወቅ መሬት ላይ የሚወድቀውን እዩ። ስል ሞረድ ጥቅልል ያለ ፍቅፋቂ ይጥላል። የደነዘ ዱቄት ያራግፋል። ኮቴው በጣም ከደረቀ ጥሩ ሞረድም ይቸገራል፤ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል።

ብዙ እንዳትቆርጡ ከፈራችሁ ትንሽ ትንሽ ሥሩ። ኮቴ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ጠርዙን ብቻ ብታስተካክሉ ብዙ የሚቆረጥ አይኖርም። መሬት የሚረግጠው የኮቴው የታች ፊት ሮዝ መልክ ካሳየ ወይም በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ ወዲያው አቁሙ። የሚያነክስ ወይም ኮቴው የተጣመመ ፈረስ የባለሙያ ሥራ ነው፤ አትንኩት።

ሌሎች የምሰማቸው ወሬዎችም አሉ።

«ለእንጨት ሥራ የሚሆነው ሞረድም ያው ነው።» አይደለም። ጠባብ ነው፣ ብዙ ጊዜም አንዱ ፊቱ ጎባጣ ነው፤ ደልዳላ አያወጣም። ለብረት ሥራ የሚሆነው ሞረድማ ወዲያው ይደፈናል።

«አጭሩ ለእጅ ይቀላል።» ይቀላል፣ ግን የኮቴውን ሁለት ጎን አንድ ላይ ካልነካ ወደ አንዱ ያዘነብላል። 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን ያዙ። አጭሩ ለውርንጭላ ይሁን።

«ሁለቱም ፊቱ አንድ ነው።» አይደለም፤ ሸካራው ፊት የኮቴውን ከፍታ ይቀንሳል፣ ለስላሳው ጠርዝ ይጨርሳል።

«እጀታ ትርፍ ነው።» ሹሉ ጫፍ መዳፍ ይወጋል። እጀታ ግጠሙለት፣ ጓንትም አድርጉ።

«ውድ ከሆነ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።» ሞረድ አላቂ ዕቃ ነው። ቶሎ የሚገድለው አሸዋ፣ ጠጠርና ሚስማር ነው። ስለዚህ ኮቴውን መጀመሪያ በብሩሽ ጥረጉ። የሚቆርጠው ሲገፋ ነው፤ ወደ ኋላ ስትመልሱት አንሱት እንጂ አትጎትቱት። ስትጨርሱ ጥርሱን በብሩሽ አራግፉ፣ እርጥበቱን አድርቁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ኮቴ ከሚቆረጥበት ጉጠት ለይታችሁ አስቀምጡ።