የታጁራ ባሕረ ሰላጤ የአንድ ቀን የጀልባ ጉብኝት ከድሬዳዋ ለሚነሳ መንገደኛ

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመዝለቅ የጅቡቲን ምድር ለሁለት ከፍሎ የሚገባ የባሕር ክፍል ነው። በብርዳማዎቹ ወራት ዓሣ ነባሪ ሻርክ የተባለው በዓለም ትልቁ ዓሣ ወደ ዳርቻው ስለሚጠጋ፣ በትናንሽ ጀልባዎች እየተጓዙ የባሕር እንስሳትን ማየትና በውኃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ እየታገዙ በባሕሩ ገጽ ላይ መዋኘት (በተለምዶ ስኖርክሊንግ የሚባለው) በአካባቢው የታወቀ የጉብኝት ዓይነት ሆኗል። ለድሬዳዋ ነዋሪ ይህ ባሕር ሩቅ አገር አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ወደብ መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ በ1902 ዛሬ ከዚራ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲህም ጅቡቲ ውስጥ ዘመድ የሌለው የድሬ ቤተሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ዝምድና ከወደቡና ከገበያው አልፎ ባሕሩ ውስጥ እስካለው ሕይወት መዝለቅ ሲገባው ብዙም አልዘለቀም።

ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠው መንገድ በመኪናም በባቡርም ይኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር በድሬዳዋ በኩል አልፎ፣ በደወሌ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የነጋድ ጣቢያ ይቆማል። የድሬዳዋው ጣቢያም እንደ ቀድሞው ለገሃር መሐል ከተማ ላይ ስላልሆነ፣ መንገደኛው ወደ ጣቢያው የሚወስደውን ጊዜ አስቀድሞ ማሰብ አለበት። የባቡሩን የጉዞ ቀንና የመግቢያ ፈቃዱን ማረጋገጥም እንዲሁ ከመነሳት በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

የጉብኝቱ ወቅት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት ነፋስና የውኃ ዝውውር በአብዛኛው በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸውን ነገሮች፣ ማለትም ፕላንክተንን፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ዳርቻ በብዛት ያመጣሉ፤ በተለይ አርታ በተባለው ከተማ ግርጌ ባለው የባሕር ዳርቻ የባሕሩ ወለል ከባሕሩ ጠርዝ ብዙም ሳይርቅ በአንድ ጊዜ ስለሚጠልቅ፣ ትልልቆቹ እንስሳት ምግባቸውን ተከትለው ከመሬት እጅግ ሳይርቁ ይመላለሳሉ። ክረምት ላይ ግን ኸምሲን የሚባለው አቧራ የጫነ የጋለ ነፋስ ስለሚነሳ፣ የድሬዳዋን ሙቀት የለመደ ሰው እንኳ ጀልባ ላይ ቀኑን ሙሉ መዋልን አይመርጥም።

የጉብኝቱ ዋና እንግዳ ዓሣ ነባሪ ሻርክ ነው። ስሙ ዓሣ ነባሪን ቢያስታውስም በስንጥቡ የሚተነፍስ ሙሉ ዓሣ ሲሆን፣ ለአቅመ ልደት የደረሰው ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። በታጁራ የሚታዩት ግን በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆኑ፣ አብዛኞቹም ወንዶች ናቸው። ሰውን አይነካም። በአፉ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥርሶች ቢኖሩትም ለመብላት አይጠቀምባቸውም፤ አፉን ከፍቶ ውኃውን ከሳበ በኋላ በስንጥቡ በኩል አጥልሎ ያስወጣዋል።

ጀልባዎቹ ከጅቡቲ ከተማ የሚነሱት ማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ በርትቶ ማዕበል ስለሚያስነሳ፣ የዘገየ ቡድን ባሕሩን ሳይሆን ማቅለሽለሹን አይቶ ሊመለስ ይችላል። ዓሣው ሲታይ ጀልባው ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ከፊቱ በሩቅ ይቆማል፤ ጎብኚዎችም ሳይዘሉ፣ ውኃውን ሳያንቦጫርቁ፣ ከጀልባው ጠርዝ በቀስታ ተንሸራትተው ይገባሉ። ፊት ውኃ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ የሚታየው ጥርት ያለ ሰማያዊ ውኃ አይደለም፤ በፕላንክተን የደፈረሰ አረንጓዴማ ውኃ ነው። ቀጥሎ ከዚያ ድፍርስ ውስጥ ሰፊና ጠፍጣፋ አፍ፣ ከኋላውም ግራጫ ጀርባ ላይ በመስመር የተደረደሩ ነጭ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ፤ ከሆዱ ሥር የተለጠፉ ትናንሽ ዓሣዎችም አብረውት ይጓዛሉ። አንዳንዴ ዓሣው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጅራቱን ወደ ታች ጥሎ አፉን ወደ ላይ በመክፈት ውኃውን ሲስብ ይታያል። ይህን ለማየት ከአጠገቡ መሽቀዳደም አያስፈልግም፤ ዝም ብሎ የተንሳፈፈ ሰው ከሚያሳድደው ሰው የበለጠ ያያል።

የነጠብጣቦቹ አቀማመጥ በእያንዳንዱ ዓሣ ላይ የተለያየ ስለሆነ እንደ ጣት አሻራ መለያ ሆኖ ያገለግላል። ተመራማሪዎች የከዋክብትን አቀማመጥ ለማነጻጸር የተሠራ የሥነ ፈለክ ስሌትን አሻሽለው፣ ከግራ ስንጥቡ በስተኋላ ያለውን የጎን ፎቶ በማወዳደር አንዱን ዓሣ ከሌላው ይለያሉ። ስለዚህ አንድ ጎብኚ በጥንቃቄ የሚያነሳው የግራ ጎን ፎቶ ለምርምር ሊጠቅም ይችላል፤ ብልጭታ ግን አይፈቀድም።

ከዓሣው አካል 3 ሜትር፣ ከጅራቱ ደግሞ 4 ሜትር መራቅ፣ አለመንካትና መንገዱን አለመዝጋት በብዙ አገር የተለመደ ደንብ ነው። ዓሣ ነባሪ ሻርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል፤ በታጁራም በጀልባ የተመታ ጠባሳ ያለባቸው ጥቂት አይደሉም። ስለሆነም አስጎብኚ ሲመረጥ ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ጀልባው ዓሣው አጠገብ ሲደርስ ሞተሩን ምን እንደሚያደርግና በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚያስገባ ነው። መልስ ለመስጠት የሚያመነታ አስጎብኚን መተው ይሻላል።

የቀኑ ሁለተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ከወደቡ ፊት ለፊት ባሉት ሙሻና መስካሊ በተባሉ ደሴቶች ያልፋል። ሁለቱም ዝቅተኛና ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል አካል) የከበባቸው ናቸው፤ ሙሻ ላይ በጨዋማ ውኃ ዳር የሚበቅል የማንግሮቭ ደን አለ። እዚህ ውኃው የጠራ ስለሆነ ኮራሉን እየነከሱ የሚመገቡትን በቀቀን መሰል አፍ ያላቸውን ዓሣዎችና የባሕር ኤሊዎችን ለማየት ይመቻል። ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ደግሞ ኦስፕሬይ የተባለውን ዓሣ አዳኝ አሞራና ዓይኑ በነጭ ቀለበት የተከበበውን የባሕር ወፍ ያገኛል፤ ይህኛው ወፍ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ውጭ እምብዛም አይታይም። ኮራል ላይ መቆም ግን ብዙ ዓመት የፈጀውን እድገት በአንድ እርምጃ ይሰብራል።

በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር ላደገ ሰው ጨዋማና ጥልቅ ውኃ እንግዳ ነው። ዋና የማያውቅ መንገደኛ ላይፍ ጃኬት ለብሶም ቢሆን መሳተፍ ይችላል፤ ነገር ግን በመተንፈሻ ቱቦ መተንፈስን ድሬዳዋ ሳለ በመዋኛ ገንዳ ቢለማመድ፣ ባሕሩ ላይ ጊዜውን በድንጋጤ አያሳልፍም። እጅጌ ረጅም ልብስ ከፀሐይ መከላከያ ቅባት ይመረጣል፤ በአንዳንዶቹ ቅባቶች ያሉ ኬሚካሎች ኮራልን ይጎዳሉና።

ተጨማሪ ቀናት ያለው ሰው ከእንጨት በተሠሩና መኝታ ባላቸው ጀልባዎች ወደ ባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ፣ ጉበት ወደሚባለው ቦታ፣ ሊሻገር ይችላል። ጉበት በጠባብ መተላለፊያ ከባሕረ ሰላጤው ጋር የሚገናኝ፣ እሳተ ገሞራ በፈጠራቸው ተራሮች የተከበበ ውኃ ሲሆን፣ በእሱና ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ገደማ በሚገኘው በአሳል ሐይቅ መካከል እ.ኤ.አ. በ1978 የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ፈንድቷል። በሰሜን በኩል በባብ ኤል መንደብ መግቢያ ያሉት የሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ደግሞ በዓሣ ብዛት ቢታወቁም የውኃው ፍሰት ኃይለኛ ስለሆነ ለልምድ አልባ ዋናተኛ አይመከሩም።